ሥራ ሳይለቁ በኦንላይን ዕቃ ገዝቶ መሸጥ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ከመደበኛ ሥራዬ ጎን ለጎን ዕቃ እየገዛሁ በኦንላይን እሸጣለሁ ስል ብዙ ሰው የሚመልስልኝ ይህንን ነው። እውነትም አለው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ፣ ማታ መልእክት ሲመልስ አምሽቶ፣ ቅዳሜና እሁድን ደግሞ ካርቶን ሲያሽግ የሚያሳልፍ ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ ወይ ይታመማል ወይ እርግፍ አድርጎ ይተወዋል። ግን ሲተዉት ያየኋቸው ሰዎች አብዛኞቹ የሚቆጥሩት ገንዘቡን ብቻ ነበር። ሥራ ያለው ሰው እጅ ላይ ያለው ውድ ነገር ሰዓት ነው። በሳምንት ቢበዛ ስምንት ወይም አሥር ትርፍ ሰዓት ቢኖራችሁ ነው። ስለዚህ የምትገዙትንም የምትተዉትንም የምትለኩት በአንድ ጥያቄ ይሁን፦ ይህ ዕቃ ስንት ሰዓቴን ይበላል?

መጀመሪያ ከቤታችሁ

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ከራሳችሁ ቤት አሥር ዕቃ ሽጡ። የማትጠቀሙበት ካሜራ፣ የማትለብሱት ጃኬት፣ አንብባችሁ የጨረሳችሁት የትምህርት መጽሐፍ፣ መሳቢያ ውስጥ የተረሳ ካልኩሌተር። መነሻ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ብታበላሹትም የምትከስሩት ነገር የለም። በእነዚህ አሥር ዕቃዎች ፎቶ ማንሳት፣ ዋጋ ማውጣት፣ ከገዢ ጋር መነጋገር፣ ማሸግና መላክ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ በራሳችሁ እጅ ታዩታላችሁ። ሰዓት ያዙ። ስልካችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ቆጣሪ አስነሱና ለእያንዳንዱ ዕቃ የጠፋውን ደቂቃ ጻፉ። ይህንን ማድረግ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ፤ ግን በኋላ የሚጠቅማችሁን ያህል የትኛውም ቪዲዮ አይጠቅማችሁም።

ከነዚህ አሥር ዕቃዎች የምታገኙት ገንዘብ መነሻችሁ ይሆናል። ከደመወዛችሁ አትጨምሩበት። ለመሸጥ ብላችሁ ደግሞ በፍጹም አትበደሩ። ዕቃው ሲሸጥ ይመልሳል ተብሎ የተወሰደ ብድር ዕቃው በተቀመጠ ቁጥር ያሳቅቃል፣ የተሳቀቀ ሻጭ ደግሞ ለመጀመሪያው ጠያቂ በኪሳራ ይሸጣል።

ትርፍ የሚገኘው ሲገዛ ነው

ነጋዴዎች ይህንን ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። ትርጉሙ ቀላል ነው። የመሸጫ ዋጋውን የሚወስነው ገበያው ነው፣ እናንተ አይደላችሁም። በእጃችሁ ያለው የምትገዙበት ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከኪሳችሁ ከመውጣቱ በፊት ዕቃው በስንት እንደሚሸጥ ማወቅ አለባችሁ። መገመት ሳይሆን ማወቅ።

እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳትበት አንድ ትልቅ ነገር አለ። ኦንላይን ገብቶ ሌሎች ሻጮች የጠየቁትን ዋጋ ያይና «ይህ እኮ በ300 ነው የሚሸጠው» ይላል። 300 የተጠየቀበት ነው እንጂ የተሸጠበት አይደለም። ማንም ሰው የፈለገውን መጠየቅ ይችላል፤ ያ ማስታወቂያ ምናልባት ከተለጠፈ ሰባት ወር ሆኖታል። ማየት ያለባችሁ የተሸጠበትን ዋጋ ነው። ኢቤይ በሚባለው የኦንላይን ገበያ ላይ የፍለጋ ውጤቱን የተሸጡት ብቻ እንዲታዩ አድርጎ ማጣራት ይቻላል፣ በየትኛው ቀን በስንት እንደሄዱ ያሳያል። እንዲህ ያለ ማጣሪያ በሌላቸው ገበያዎች ላይ ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ የምትፈልጉትን ዓይነት ዕቃ የያዙ አሥር ማስታወቂያዎችን አስቀምጡ፣ ከሳምንት በኋላ ተመልሳችሁ እዩ። የተሸጠ ወይም የጠፋ ካለ በዚያ ዋጋ ገዢ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። አሥሩም እዚያው ከተቀመጡ ግን ዋጋው ውድ ነው ወይም ዕቃው ፈላጊ የለውም፤ በሁለቱም መንገድ አትግዙ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በ100 ገዝታችሁ በ180 ሸጣችሁ እንበል። ሰው ሁሉ 80 አተረፍኩ ይላል። ገበያው 10 በመቶ ኮሚሽን የሚወስድ ከሆነ 18 ሄደ፣ 62 ቀረ። ለካርቶን፣ ለፕላስተርና ለመጠቅለያ 7 ብትሉ 55 ቀረ። ዕቃውን ለመግዛትና ለማድረስ ለትራንስፖርት 10 ከወጣ 45 ነው። ከሃያ ሽያጭ አንዱ ተመላሽ ይሆንብኛል ወይም ይበላሽብኛል ብላችሁ 5 በመቶ ከያዛችሁ ሌላ 9 ይቀነሳል። 36 ቀረ። 80 የነበረው 36 ሆነ።

ገና ነው። ዕቃውን ፈልጎ ለመግዛት 40 ደቂቃ፣ አጽድቶ ፎቶ አንስቶ ለመለጠፍ 30፣ ለጠያቂዎች ለመመለስ 20፣ አሽጎ ለመላክ 30 ደቂቃ ቢፈጅ ሁለት ሰዓት ነው። በሰዓት 18 አገኛችሁ ማለት ነው። አሁን የወር ደመወዛችሁን በወር ለምትሠሩበት ሰዓት አካፍሉና ጎን ለጎን አስቀምጡት። ከደመወዛችሁ የሰዓት ሒሳብ በጣም ካነሰ ያንን ዓይነት ዕቃ ተዉት። ተጨማሪ ሰዓት መሥራት የሚቻልበት መሥሪያ ቤት ካላችሁ ያ ይሻላችኋል፤ ካልሆነም ማረፍ ይሻላል።

እኔ ከዚህ ሒሳብ ያወጣሁት መመሪያ ለትንንሽ ዕቃ የመግዣው ዋጋ ከመሸጫው ሲሶ እንዳይበልጥ ነው። በ180 የሚሸጥን በ60 ካላገኘሁት አልፈዋለሁ። ብዙ ዕቃ ያመልጣል፣ ያምልጥ። ዋጋው ከፍ ላለ ዕቃ ግን ይህ መመሪያ አይሠራም፤ በ1,000 የሚሸጥን በ750 መግዛት ሊያዋጣ ይችላል፣ ምክንያቱም የ30 እና የ1,000 ዕቃ ለማሸግም ለመለጠፍም የሚፈጀው ደቂቃ ያው ነው። ለዚህ ነው በጊዜ ብዛት ብዙ ሻጭ ከርካሽ ወደ ውድ ዕቃ የሚሄደው። ጀማሪ ግን እዚያ አይጀምርም፣ አንድ ስህተት ሁሉንም ገንዘብ ይዞ ይሄዳል።

ምን ይገዛ?

ሥራ ላለው ሰው የሚስማማ ዕቃ አራት ነገር ያሟላል ብዬ አምናለሁ። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ በቀላሉ አይሰበርም፣ የሞዴል ቁጥር አለው። የመጨረሻው ከሁሉም ይበልጣል። የሞዴል ቁጥር ያለው ዕቃ ዋጋው በአንድ ደቂቃ ይታወቃል፤ ገዢውም የሚፈልገው በዚያው ቁጥር ስለሆነ ብዙ አይጠይቃችሁም። የቴሌቪዥን ሪሞት፣ የላፕቶፕ ኦሪጅናል ቻርጀር፣ የካሜራ ሌንስ፣ የሳይንስ ካልኩሌተር፣ የማተሚያ ማሽን ክፍሎች፣ የእጅ መሣሪያዎች፣ ለተቋረጡ ማሽኖች የሚሆኑ መለዋወጫዎች። አምራቹ ማምረቱን ያቆመው ማሽን አሁንም ሰው ቤት እየሠራ ነው፤ አንዷ ክዳን ወይም አንዷ ማዞሪያ ስትሰበርበት ባለቤቱ የትም አያገኛትም። ይህን የመሰለ ገዢ ብዙ አይከራከርም፣ ዕቃውንም አይመልስም።

መጽሐፍም ጥሩ ነው። ጀርባው ላይ ያለው አይኤስቢኤን የሚባለው ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ 13 አሃዝ ሆኗል፣ ከዚያ በፊት 10 ነበር። ያንን ቁጥር ብቻ አስገብታችሁ የተሸጠበትን ዋጋ ታያላችሁ። ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፣ በብዛት ስለሚታተም። የሙያ መጻሕፍት፣ የጥገና መመሪያዎች፣ ከገበያ የጠፉ የማጣቀሻ መጻሕፍት ግን ዋጋቸውን ይይዛሉ። የመማሪያ መጽሐፍ ስትገዙ እትሙን እዩ፤ አዲስ እትም ከወጣ አሮጌው ዋጋው ይወርዳል።

ልብስና ጫማ ሰው ሁሉ የሚጀምርበት ነው፣ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክርም። ዋናው ችግር የልኩ (የሳይዙ) ነገር ነው። አንዱ ፋብሪካ መካከለኛ የሚለው ለሌላው ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ጥያቄውም ተመላሹም ይበዛል። ከገባችሁበት ግን የተጻፈበትን ልክ ብቻ አትለጥፉ፤ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና የትከሻውን፣ የደረቱን፣ የእጅጌውንና የቁመቱን ልኬት በሴንቲሜትር ጻፉ፣ ሜትሩ ተዘርግቶ የሚታይበት ፎቶም ጨምሩ። ይህ ብቻውን ግማሹን ጥያቄ ያስቀራል።

ያገለገለ ስልክ ትርፉ ጥሩ ነው፣ አደጋውም እንደዚያው። ከመክፈላችሁ በፊት ኮከብ መሰላል 06 መሰላል (*#06#) ደውሉ፤ አይኤምኢአይ የሚባለው 15 አሃዝ ቁጥር ይወጣል። ሳጥኑና ስልኩ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩት፣ የተሰረቀ ስልክ መመርመሪያ ባለበት ቦታም አስገብታችሁ እዩት። አይፎን ከሆነ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ ከአፕል አካውንቱ ይውጣ። አንድሮይድ ከሆነ የጉግል አካውንቱን ከስልኩ ላይ አጥፍቶ ነው ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ ያለበት፤ አካውንቱ ሳይነሳ በሌላ መንገድ ከተደመሰሰ ሲከፈት የድሮውን አካውንት ይጠይቅና የተቆለፈ ስልክ ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። «ቤት ስደርስ አወጣዋለሁ፣ የይለፍ ቃሉን በመልእክት እልክልሃለሁ» ካለ ስልኩን መልሱና ሂዱ። የተሰረቀ ዕቃ እያወቁ መግዛት ኪሳራ ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው፣ ደግሞም በሌላ ሰው እንባ ላይ መነገድ ነው።

የማልነካቸው ነገሮች አሉ። ያገለገለ የሞተር ሳይክል ሄልሜት አልሸጥም፤ ከዚህ በፊት ወድቆ እንደሆነ ከውጭ አይታይም፣ የተመታ ሄልሜት ደግሞ ውስጡ ተጎድቶ ሰው ላያድን ይችላል። የሕፃናት የመኪና ወንበር እንዲሁ፤ አደጋ ያየ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹ ላይም የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜ ተጽፎባቸዋል። የተከፈተ ኮስሞቲክስ፣ መድኃኒት፣ ፌክ ብራንድ አልነካም። ፌክን «ኮፒ ነው» ብሎ በግልጽ መሸጥ ይፈቀዳል ብሎ የሚያስብ አለ፣ ተሳስቷል፤ ገበያዎቹ አካውንት የሚዘጉበት ዋነኛ ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። ለብቻው የተቀመጠ የሊቲየም ባትሪም ጣጣ አለው፦ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ ለብቻው የታሸገ የሊቲየም አዮን ባትሪ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይሄድ ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከልክሏል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት የሚልክላችሁ ድርጅት እንደሚቀበል ጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በጅምላ ርካሽ ሲገኝ አትቸኩሉ። እኔ አንድ ጊዜ የአንድ ስልክ ሞዴል ሽፋን አርባ ፍሬ በጅምላ ገዛሁ፣ የእያንዳንዱ ዋጋ ነጻ ሊባል ምንም አልቀረውም። ስልኩ ግን አዲስ ሞዴል ወጥቶበት ሰው ወደዚያ ዞሯል። ስድስት ሸጥኩ፣ ሠላሳ አራቱ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዓይነት ዕቃ ሲሆን ሁለት እገዛለሁ። ሁለቱ ሲሸጡ አምስት፣ አምስቱ ሲሸጡ አሥር።

ፎቶና ጽሑፍ

ፎቶ ላይ ውድ ካሜራ አያስፈልግም። የስልካችሁን ሌንስ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ ብዙ ሰው ይህን ይረሳል። ዕቃውን መስኮት አጠገብ አስቀምጡ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ሰዓት። ፍላሽ አጥፉ። ከበስተጀርባ ነጭ ወረቀት ወይም አንድ ዓይነት ቀለም ያለው አንሶላ ይበቃል። የመጀመሪያው ፎቶ ሙሉ ዕቃውን ያሳይ፣ ከዚያ ጀርባውን፣ የሞዴል ቁጥሩ የተለጠፈበትን ቦታ፣ የሚሠራ መሆኑን የሚያሳይ፣ ለምሳሌ መብራቱ የበራ ስክሪን። ከኢንተርኔት ያወረዳችሁትን ፎቶ አትለጥፉ፤ ገዢው የሚፈልገው የእናንተን ዕቃ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ፎቶ ግን የጉዳቱ ፎቶ ነው። ጭረቱን፣ ስንጥቁን፣ የደበዘዘውን ቦታ አቅርባችሁ አንሱና ጽሑፉ ውስጥም መጀመሪያ ላይ ጻፉት። ገዢ ይሸሻል ብላችሁ አትፍሩ። ኢቤይን የመሠረተው ፒየር ኦሚድያር እ.ኤ.አ. በ1995 ሳይቱን ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ ከተሸጡት ዕቃዎች አንዱ የተበላሸ ሌዘር ፖይንተር ነበር። መበላሸቱን ያውቅ እንደሆነ ኦሚድያር ገዢውን ሲጠይቀው፣ የተበላሹ ሌዘር ፖይንተሮች እንደሚሰበስብ ነገረው። የተበላሸ ነገር ተበላሽቷል ተብሎ ሲለጠፍ ለመለዋወጫ የሚፈልገው ሰው ይመጣል። ደህና ነው ተብሎ የተሸጠ ብልሽት ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ከመጥፎ አስተያየት ጋር።

ርዕሱ ላይ ገዢው ፍለጋ ውስጥ የሚጽፈውን ቃል ጻፉ፦ ብራንድ፣ ዓይነት፣ የሞዴል ቁጥር፣ ልክ፣ ሁኔታ። «ምርጥ ዕቃ እንዳያመልጣችሁ» የሚለውን የሚፈልግ ሰው የለም። ኢቤይ ለርዕስ የሚሰጣችሁ 80 ፊደል ብቻ ነው፤ በከንቱ አታባክኑት።

ዋጋ ስታወጡ ከተሸጠበት ዋጋ አሥር በመቶ ያህል ከፍ አድርጉ፣ ተደራዳሪው የሚቀንሰው ነገር ያግኝ። ሁለት ሳምንት ከቆየ ዋጋውን ከመቀነሳችሁ በፊት የመጀመሪያውን ፎቶና ርዕሱን ቀይሩ። ወር ሲሞላው ዋጋ ቀንሱ። ሁለት ወር ካለፈው በገዛችሁበትም ቢሆን ሽጡት። የተቀመጠ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነው፣ በዚያው ገንዘብ ሦስት ጊዜ ገዝታችሁ ሦስት ጊዜ ልትሸጡበት ትችሉ ነበር።

ጊዜ፣ ሥራና አለቃ

ዕቃ በየቀኑ አንድ አንድ አትለጥፉ። ቅዳሜ ጠዋት የአሥር ዕቃ ፎቶ አንድ ላይ አንሱ፣ ከሰዓት ጽሑፉን ጻፉ፣ ረቂቅ አድርጋችሁ አስቀምጡና በሳምንቱ ውስጥ እያከፋፈላችሁ ልቀቁት። ለአንድ ዕቃ 30 ደቂቃ የፈጀው ነገር አሥሩን በአንድ ጊዜ ስትሠሩት 12 ደቂቃ ይሆናል፤ ጠረጴዛው አንዴ ተዘጋጅቷል፣ እጃችሁም ለምዷል። መላክም እንዲሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ወስኑና ማስታወቂያው ላይ በግልጽ ጻፉት፣ «የሚላከው ማክሰኞና ዓርብ ነው» በሉ። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ይጠብቃል።

መልእክት ነው ሥራ ያለውን ሰው የሚያደክመው። «አለ?» «መጨረሻው ስንት ነው?» «ትንሽ አይቀንስም?» የሚሉት ቀኑን ሙሉ ይመጣሉ። የሥራ ሰዓት ላይ አትመልሱ። ምሳ ሰዓት ላይ አንዴ፣ ማታ አንዴ ይበቃል። በዋትስአፕ ቢዝነስ የተዘጋጁ ፈጣን መልሶችን ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሌላ አፕ የምትጠቀሙ ብትሆኑም ስልካችሁ ማስታወሻ ውስጥ አራት አምስት መልስ ጽፋችሁ ኮፒ አድርጉ። «አለ?» ለሚለው «አለ» ብቻ ብላችሁ አትመልሱ፤ «አለ፣ ዋጋው ይህ ነው፣ የሚላከው ማክሰኞ ነው፣ ልያዝልህ?» በሉ። አንድ መልእክት አራቱን ይተካል። ያለ ቀብድ ወይም ያለ ክፍያ ግን ከአንድ ቀን በላይ ለማንም አትያዙ።

አለቃችሁን በሚመለከት ግልጽ ልሁን። ቋሚ ሥራችሁ ይህንን ሁሉ የሚያስችላችሁ መሠረት ነው፣ በእሱ ላይ አትቀልዱ። የቅጥር ውላችሁን አውጥታችሁ ስለ ተጨማሪ ሥራ የሚለውን አንብቡ፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። የቢሮ ኮምፒውተር፣ የቢሮ ማተሚያ፣ የቢሮ አድራሻ አትጠቀሙ። መሥሪያ ቤታችሁ የሚሸጠውን ዓይነት ዕቃ አትሽጡ፣ በሥራ ምክንያት ያወቃችሁትን አቅራቢም ለራሳችሁ አትውሰዱ። ይህ ነገር ሰው ከሥራ ያስባርራል።

ማሸግ

ዕቃው ካርቶኑ ውስጥ ሲነቃነቅ ከተሰማ ገና አልታሸገም። በሁሉም በኩል አምስት ሴንቲሜትር ያህል መጠቅለያ ይኑረው፣ ከዘጋችሁ በኋላ አንስታችሁ አወዛውዙት። የሚሰበር ከሆነ ሁለት ካርቶን፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ።

ብዙ ሰው የሚደነግጥበት ነገር ደግሞ የመላኪያ ሒሳቡ ነው። ብዙ የጭነት ድርጅቶች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፣ ካርቶኑ በሚይዘው ቦታም ነው። የተለመደው አሠራር ርዝመት፣ ወርድና ቁመቱን በሴንቲሜትር አባዝቶ ለ5,000 ማካፈል ነው። 40 በ30 በ25 የሆነ ካርቶን 30,000 ይሆናል፣ ለ5,000 ሲካፈል 6 ኪሎ። ውስጡ ያለው ዕቃ 2 ኪሎ ቢሆንም የምትከፍሉት ለ6 ነው። ስለዚህ ካርቶኑን በዕቃው ልክ ቁረጡት። የመላኪያውን ዋጋ ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት እወቁ፣ ከተሸጠ በኋላ አይደለም።

ውድ ዕቃ ስትልኩ ስታሽጉ ቪዲዮ ቅረጹ፦ መለያ ቁጥሩን አሳዩ፣ ሲሠራ አሳዩ፣ ካሜራው ሳይቋረጥ ካርቶኑ ውስጥ አስገብታችሁ ዝጉት። ባዶ ካርቶን ደረሰኝ የሚል፣ ወይም የራሱን የተበላሸ ዕቃ ቀይሮ የሚመልስ ሰው ያጋጥማል። ቪዲዮ ሁሌም አያሸንፍላችሁም፣ ያለ ቪዲዮ ግን የምትከራከሩበት ነገር የለም። መከታተያ ቁጥር የሌለው መላኪያም አትጠቀሙ።

አጭበርባሪዎች

ጥቂት መልክ ነው ያላቸው፣ ደጋግመው የሚመጡትም እነዚያው ናቸው። ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት የሚልክ አለ። ስክሪንሾት ገንዘብ አይደለም፤ የባንካችሁን አፕ ራሳችሁ ከፍታችሁ ሒሳባችሁ ውስጥ መግባቱን ካላያችሁ ዕቃ አይወጣም። የባንክ መልእክት የሚመስል አጭር ጽሑፍም እንዲሁ፣ ማንም ሊያዘጋጀው ይችላል። «በስህተት አብልጬ ላክሁ፣ ትርፉን መልስልኝ» የሚል ከመጣ ምንም አትመልሱ። የመጀመሪያው ክፍያ የውሸት ነው ወይም በኋላ ይሰረዛል፣ የእናንተ ግን እውነተኛ ገንዘብ ነው። እውነተኛ ሰው መሆንህን ላረጋግጥ ብሎ ስልካችሁ ላይ በመልእክት የገባውን የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ አለ። ያ ቁጥር የአካውንታችሁ ቁልፍ ነው፣ ለማንም አይሰጥም። ገንዘብ ለመቀበል ሊንክ ንካና የካርድህን ቁጥር ሙላ የሚልም አለ፤ ገንዘብ ለመቀበል የካርዳችሁ ጀርባ ላይ ያለው ሚስጥር ቁጥር አያስፈልግም። ከገበያው ወጥተን በሌላ እናውራ የሚል ደግሞ ኮሚሽን ላስቀርልህ ይላል፤ ከወጣችሁ በኋላ ግን የሚዳኛችሁ የለም።

በአካል የምትገናኙ ከሆነ ቀን ላይ፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ። ቤታችሁ አይደለም። ከዚህ ውጭ ካልሆነ ብሎ የሚያጣድፍ ገዢ ካለ ይቅርባችሁ፤ ጥድፊያው ራሱ ምልክት ነው።

መዝገብና ግብር

ለዚህ ሥራ የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። የደመወዝና የሽያጭ ገንዘብ ከተቀላቀለ ማትረፋችሁን በጭራሽ አታውቁም፤ ሰው ሲሸጥ ደስ ይለውና የተሸጠውን ሁሉ ትርፍ አድርጎ ይበላዋል፣ በሦስተኛው ወር መግዣ ያጣል። መዝገቡ አንድ ደብተር ወይም አንድ ኤክሴል ይበቃዋል። የተገዛበት ቀን፣ የተገዛበት ዋጋ፣ የተሸጠበት ቀን፣ የተሸጠበት፣ ወጪው ሁሉ፣ የፈጀው ደቂቃ። ደረሰኝ ሁሉ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ይቀመጥ።

የግብርን ነገር ከመጀመሪያው እወቁት። ራሳችሁ የተጠቀማችሁበትን ዕቃ መሸጥና ለመሸጥ ብሎ መግዛት በብዙ ቦታ ሕግ ፊት አንድ አይደሉም፤ ሁለተኛው ንግድ ነው። ከስንት በላይ ሲሆን ማሳወቅ እንዳለባችሁ፣ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ በምትኖሩበት ቦታ ካለው የግብር ቢሮ ጠይቁ። ከትርፋችሁ ላይ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ በየወሩ ለይታችሁ አስቀምጡ እንጂ ዓመቱ ሲያልቅ አትፈልጉት።

መደርደሪያው

ቤት ውስጥ አንድ መደርደሪያ ለዕቃው ስጡ። አንድ ብቻ። ዕቃው አልጋ ሥር፣ በር ጀርባ፣ ምግብ ጠረጴዛ ላይ መግባት ሲጀምር አብረዋችሁ የሚኖሩ ሰዎች ያማርራሉ፣ ትክክልም ናቸው፤ ቤቱ የእነሱም ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ተራ ቁጥር ለጥፉ፣ ያንኑ ቁጥር መዝገቡ ላይ ጻፉ፣ ሲሸጥ ፍለጋ ውስጥ አትገቡም። መደርደሪያው ሲሞላ መግዛት ይቆማል፣ ምንም ያህል ርካሽ ነገር ብታዩ። ቦታ ለማስለቀቅ የቆዩትን ሦስት ሦስት አድርጋችሁ በአንድ ዋጋ ሽጡ፣ ያም ካልሄደ ለሚጠቅመው ሰው ስጡት፣ መዝገቡ ላይም ኪሳራውን አስፍራችሁ ያንን ዓይነት ዕቃ ዳግም እንዳትገዙ ምልክት አድርጉበት። የእኔ ሠላሳ አራት የስልክ ሽፋኖች ከመደርደሪያው የወጡት እንደዚህ ነው፤ በቦታቸው ሪሞቶች ገቡ፣ አብዛኞቹም በሦስት ሳምንት ውስጥ ተሸጠው አለቁ።